የእማማ ግቡ እንግዶች

ሰፈሩ «እማማ ግቡ» ይላት ነበር። በሯ ሲንኳኳ «ማነው?» ማለት አታውቅም፤ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል «ግቡ!» ነው። አንድ ጊዜ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛ አስቀምጣ፣ ሾርባ አቅርባ ጨዋታ ብታመጣለት፣ ሰውዬው ቆጣሪውን ረስቶት ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና በላ።

ቤቷ ከሰፈሩ ሆስፒታል አጥር ጀርባ ነው። የጥየቃ ሰዓት ሲያበቃ መቀሷን አስቀምጣ እስከ ሆስፒታሉ በር ትሄዳለች። ባዶ ፔርሙዝ ታቅፋ ወዴት እንደምትሄድ ግራ የገባት አስታማሚ ካየች፣ ማደሪያ የላትም ማለት ነው። «ነይ እቴ፣ ብርድ ይመታሻል» ትልና ይዛ ትመጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረች፤ አንዲት ልጇንም በመርፌዋ አሳድጋ አስተማረች። አይ እሷ! እንደሷ ያለ ሰው ዛሬ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም።

ልጇ ግን ቂም ነበራት። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቂሙ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቂም ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋዋን የምትለቀው እሷ ነበረች። እናትየው የራሷን አልጋ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። «ለባዳ አንጀቷ የሚላወስ እናት ለእኔ ሲሆን ምን ነካት?» እያለች አደገች። አንድም ቀን አልጠየቀቻትም። እናቷ ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል፤ አሁን ማንን ትጠይቅ?

ስለዚህ ቤቱን ልታከራየው ቆርጣ ተነሣች። አንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ሊያደርገው ተስማሙ፤ ቁልፉን ሰኞ ይረከባል። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ በካርቶን ስታስር በሩ ተንኳኳ።

«ግቡ!» አለች፤ ከአፏ አምልጧት። በራሷ ተናደደች።

የገቡት ነጠላ ጫማ ያደረጉ አሮጊት ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ባላቸውን ሊያሳክሙ መጥተው እዚህ ቤት አሥር ቀን ተቀምጠዋል። ዛሬ ደግሞ ዓይናቸውን ሊታዩ መጥተው፣ «እሷን ሳልስም አልሄድም» ብለው ነው። መሞቷን ሲሰሙ ካርቶን ላይ ዘፍ ብለው እንደ እህታቸው አለቀሱላት።

ልጅቱ ውኃ ሰጠቻቸው። ብርጭቆውን ስትቀበላቸው ጠየቀቻቸው።

«የት ነበር የሚተኙት?»

«መስኮቱ ሥር፣ ሽቦ አልጋው ላይ።»

«የእኔ አልጋ ነበር» አለች፣ ኮስተር ብላ።

«አውቃለሁ እንጂ ልጄ! እኔማ ተቆጥቻት ነበር። ‹ልጅቷን ለምን ታስነሺያታለሽ? ለእኔ መሬቱ ይበቃኛል› ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እባክሽ ዝም ብለሽ ተኚልኝ። ልጄ አደገችብኝ። መንገድ ላይ እጇን ስይዛት ሰው አየኝ ብላ ትመነጭቀኛለች። አጠገቤ የምትተኛው እንግዳ የመጣ ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ አኩርፋ ወደ ግድግዳ ትዞራለች፤ እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ዞራ ደረቴ ላይ ልጥፍ ትላለች። አንቺ ብትሄጂ ሌላ እንግዳ ፍለጋ እወጣለሁ› አለችኝ። አቤት አሳሳቋ! እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።»

ልጅቱ ያን ሁሉ ዓመት ተገፋሁ ስትል፣ ለካ የምትፈለገው እሷ ኖራለች።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አለች።

«ብትነግርሽ ትመጪ ነበር?»

አትመጣም ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ብትሞትም አትመጣም። ይህን ስታውቅ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ «እማዬ!» አለች፤ በለቅሶውም ሰሞን እንዲህ አላለቀሰችም። አሮጊቷ እስኪወጣላት ጭንቅላቷን ደገፍ አድርገው ያዙላት።

ሲወጣላት ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ለጥርስ ሐኪሙ ደወለች።

«ዶክተር፣ አደራ አይቀየሙኝ፣ ሌላ ቤት ይፈልጉ» አለችው። «እኔ ጋ እንግዳ አለ።»