የተተኪው ሪፖርት

በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን ውስጥ የውጭ አገር ባለሙያዎችን የሥራ ፈቃድ የማስጨርሰው እኔ ነኝ። ሥራው የወረቀት ነው፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቅጥር ውል፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ከእነዚህ ሁሉ የምትከብደው አንዲት ገጽ ናት፤ የተተኪው ሪፖርት እንላታለን። የውጭ ባለሙያ ሲቀጠር አንድ ያገር ሰው ከጎኑ ይመደባል። ባለሙያው ያስተምራል፣ ተተኪው ይማራል። ዓመት ሲሞላ ተተኪው ገና ካልበቃ የባለሙያው ፈቃድ ይታደሳል፤ ከበቃ ባለሙያው ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል።

ውሃ እየፈላ ለማቅለሚያው እንፋሎት በሚመረትበት በቦይለር ክፍሉ የተመደበው ተተኪ ባለቤቴ ነበር።

ባለሙያው ፀጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነው። ሠራተኛው «ቆይ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ከቋንቋችን መጀመሪያ የለመዳት ቃል እሷ ነበረች። ማንም እጁን ወደ ቧንቧ መክፈቻ ሲሰድ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል።

አራት ዓመት በተከታታይ «ተተኪው በመማር ላይ ነው፤ ገና አልበቃም» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ማንንም ጠይቄ አልነበረም። ባለሙያውን ለማቆየት ሁሉም ፋብሪካ እንዲያ ነው የሚጽፈው፤ ያምናውን ወረቀት ቀን ቀይሮ ማተም ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ተተኪውም ይፈርማል። በየዓመቱ ወደ ቦይለር ክፍሉ እወርዳለሁ፤ ባለቤቴ እጁን በጨርቅ ይጠርግና አለመቻሉን በፊርማው ያረጋግጣል።

ጓደኞቹ «ደጋሚው» ይሉት ጀመር።

«ደጋሚው፣ ዘንድሮስ አለፍክ?»

«ፈታኟ እቤቴ ናት፤ ጉቦ አትበላም።»

«ታዲያ ማታ ማታ አስጠኚኝ አትላትም?»

«እሷ ስታስጠናኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

አብሯቸው ይስቅ ነበር። እቤት ግን ስለ ሥራው ማውራት እየተወ መጣ። በአራተኛው ዓመት ፈርሞ እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ «አንቺም አምነሽበታል መሰለኝ» አለኝ። ወደ ቦይለሩ ተመለሰ።

በአምስተኛው ዓመት ሪፖርቱን ከመጻፌ በፊት ቆይን ቢሮዬ ጠርቼ በቅቷል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ መለሰልኝ።

«ጎበዝ ነው። ቦይለር ደህና ቀን፣ ሁሉ ያውቃል። ቦይለር ታማሚ ቀን፣ ገና አላየም። አንድ ዓመት ጨምሪ።»

ሰማሁት፤ ገባኝም። አመስግኜ ሸኘሁትና «ተተኪው ሙያውን በሚገባ ስለተካነ ሥራውን ያለ አጋዥ ለመምራት በቅቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ የዘወትሩ መስሎት ሳያነብ ፈረመ። ቆይ ፊደላችንን አይለይም። ባለቤቴ ግን ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር።

የፈቃዱ እድሳት ሲከለከል ሥራ አስኪያጁ ጮኸብኝ፤ ጩኸቱ ግን የሄደውን ወረቀት አልመለሰም። ቆይ በሁለት ወሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ይላጭ ጀመር። «ደጋሚው» ቀርቶ «አለቃ» ተባለ። እራት ላይ ስለ ግፊት፣ ስለ ቫልቭ፣ ስለ ውሃ ጥራት ያወራኛል፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ግን አላቋርጠውም። አምስት ወር እንዲህ ሆንን።

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የትልቁ ቦይለር ውሃ ጎደለ። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ውሃው አልቆ የጋለ ቦይለር የተጠማ ይመስላል፤ ውሃ ማጠጣት ግን አይገባም። እሳቱን አጥፍቶ፣ እስኪበርድ ርቆ መጠበቅ ነው። ባለቤቴ ሮጦ ውሃውን ለቀቀበት፤ ቦይለሩ ፈነዳ። ይህን ያየው በር ላይ የነበረው የፈረቃ መሪው ብቻ ነው፤ የነገረውም ለእኔ ብቻ። መርማሪዎቹ «የመሣሪያ ብልሽት» ብለው ዘጉት። የባለቤቴ እናት ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ለጠያቂ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ሙያውን አውቆ ነው የሞተ። የከዳው ብረቱ ነው።» እኔም ለጠያቂው ቡና እቀዳለሁ።

ከስምንት ወር በኋላ ፋብሪካው ቆይን መልሶ ለመቅጠር ወሰነ፤ እሱም እሺ አለ። እስኪመጣ ድረስ ማቅለሚያው የሚሠራው በትንሿ ቦይለር ነው፤ የሚያስነሳት ደግሞ የፈረቃ መሪው። ማመልከቻውን ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ፣ ስድስት ቁጥር መስኮት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያሉት ሽማግሌ ለዓመታት ያውቁኛል። የእኔና የባለቤቴ የአባት ስም ስለማይገናኝ፣ በፋይሉ ውስጥ ያለው ተተኪ ማን እንደሆነ ግን አያውቁም።

«ይሄ ሰውዬ ተተኪውን አብቅቶ ነው የሄደው። ይኸው የራሳችሁ ወረቀት። የበቃ ሰው እያለ በምን አንጀቴ ፈቃድ ልስጥ?»

«ተተኪው የለም፣ ጋሼ።»

«ለቀቀ?»

«ሞተ።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር።» መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት። «ግን እኮ እህቴ፣ ሥልጠናው ተጠናቋል ተብሎ ተዘግቷል። የበቃው ከሞተ ሌላ የበቃ ያገር ሰው ፈልጉ ነው የሚለኝ መመሪያው። የሚከፈተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሪፖርቱ ስህተት ነበር፣ ሰውየው አልበቃም ነበር ብላችሁ ከጻፋችሁ።»

«ሙት ወቃሽ ልሁን?»

«ኧረ ወረቀት ነው! ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

ሦስት ቀን አልጻፍኩም። ሥራ አስኪያጁ ዓይኔን ሳያይ «እንደምንም ብለሽ» አለኝ። በሦስተኛው ቀን የፈረቃ መሪው ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቢሮዬ መጣ።

«እቴ፣ ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ወረቀቱ አላለቀም።»

«ትንሿም ጀማምሯታል። ውሃው ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል። ልክ ያን ሰሞን እንደነበረው።»

«ለሥራ አስኪያጁ ንገረዋ።»

«ነገርኩት። አንተ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለሙያ የሆንከው አለኝ።» ሊስቅ ሞከረ። «ትልቋ ልጄ ጠዋት ጫማዬን ትደብቃለች። ትናንት ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር አገኘሁት።»

እሱ እንደወጣ በሬን ዘግቼ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ደብዳቤውን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። «ተተኪው አልበቃም ነበር። ባለሙያው አንድ ዓመት እንዲጨመርለት ነግሮኛል። ተተኪው ባለቤቴ ስለነበረና ደስ እንዲለው ስለፈለግኩ፣ እያወቅኩ በቅቷል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም።»

ጣታቸውን «ባለቤቴ» የምትለው ቃል ላይ አሳረፉ።

«ባለቤትሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አይ ልጄ።» ከዚያ በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ከኋላዬ የተሰለፉት እንዳይሰሙ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «ይሄ ለፋይል አይሆንም። እያወቅኩ የምትል ቃል ካለች ወደ ሕግ ክፍል ነው የምልከው። ዓመት ይፈጃል፤ ሰውዬውም አይመጣም። እኔ የምፈልገው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ነው።»

«እሷ ብቻዋን ከቀረች ጥፋቱ የእሱ ይመስላል።»

«አውቃለሁ።»

በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩ። ተተኪው አልበቃም ነበር። ሦስት ቃል ናት። አራት ዓመት ሙሉ ጽፌያታለሁ፤ በሕይወት እያለ፣ እጁን ጠርጎ እየፈረመላት። አሁን የሚፈርም የለም። ከፊርማዬ ጎን በቦርሳዬ የያዝኩትን የፋብሪካውን ማህተም አሳርፌ ወሰድኩላቸው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ አጥፈው መለሱልኝ።

«ሐሙስ ነይና ውሰጂ» አሉኝ።

ወደ አግዳሚው ወንበር ተመልሼ ለፈረቃ መሪው ደወልኩ።

«ሐሙስ ይወጣል። ከዚያ በሁለት ሳምንት ይደርሳል።»

«ተመስገን።» ከጀርባው ትንሿ ቦይለር ስታጉረመርም ትሰማኛለች። «እስከዚያስ፣ እቴ?»

«አጥፋት።»

«እ?»

«እሳቷን አጥፋና ውጣ። ውሃ እንዳትለቅባት።»

«ማቅለሚያው ይቆማል እኮ! ማን አዘዘህ ቢሉኝስ?»

«እሷ ናት በላቸው። የፈረቃው መዝገብ ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍ።»

«አንቺ እኮ የቢሮ ሰው ነሽ። ያባርሩሻል።»

«ጻፈው ወንድሜ። አልበቃም ነበር ብዬ ጽፌ መምጣቴ ነው፤ የማዘዣ ወረቀት አይከብደኝም።»

ስልኩን የሆነ ብረት ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ፤ ከዚያ እርምጃውን። አልዘጋሁትም። ተረኛው ሲጠራ፣ ሰው እግሬን እየተሻገረ ሲያልፍ፣ ጉርምርምታው እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዬን ሳልነቅል እዚያው ተቀመጥኩ።