ነጩ ወንበር

ቫዮሊን ጠጋኙ ታላቅ እህቱን በየቀኑ ሳይጠይቅ አይውልም። ዓይኗ ሳይጠፋ በፊት የሳለችው ትልቁ ሥዕል አሁንም ከአልጋዋ ትይዩ ተሰቅሏል፦ ገበታ ከበው የተቀመጡ ሦስት ሰዎችና አንድ ባዶ ወንበር። ወንበሩን ቀለም አላስነካችውም፤ ሸራውን እንዳለ ነጭ ተወችው። ጦር ሜዳ ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረው የትንሹ ወንድማቸው ቦታ ነው።

«እኔ እንግዲህ ላየው አልችልም፤ አንተ በሙዚቃ አሳየኝ» አለችው አንድ ቀን።

ሙዚቃ መጻፍ የተማረው ከገዛ ጆሮው ነው፤ ግን እሷን እንዴት እንቢ ይበል? ጸሎቱን አድርሶ ተቀመጠ። ስድስት ወር ለፍቶ ለሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ትንሽ ለሚተልቅ አንድ ቪዮላና ድምፀ ወፍራም ለሆነ አንድ ግዙፍ ቼሎ ጻፈ።

አራት የሰፈር ተጫዋቾች ሰበሰበና የመጀመሪያው ልምምድ እሷው ክፍል ሆነ። ቼሎው እንደ መድፍ አጓራ።

«እንዴ! ቤቴ መድፍ ያስገባው ማነው?» አለች ትራሷን ተደግፋ። «ሦስት ዓመት ስስል አንዲት ጥይት እንኳ አላስገባሁም!»

«እትዬ፣ ስለ ጦርነት እኮ ነው...»

«ጦርነቱንማ ማን አጣው? የኔ ነገር ወንበሩ ነው።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። መድፉን ሰርዞ ለቼሎው የለቅሶ ዜማ ሰጠው።

በሳምንቱ በሥራው ዳቦ ጋጋሪ የሆነው ቼሎ ተጫዋች ዘገየ። «ምድጃው ይዞት ይሆናል፤ እስኪመጣ እንሞክረው» ተባብለው ሦስቱ ጀመሩ። ተራው የቼሎው ሲሆን ዝም እያሉ፣ ባዶውን የጋጋሪውን ወንበር አየት እያደረጉ፣ እንደገና ይቀጥላሉ። ጠጋኙ አፈረ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጎዶሎ ነው...»

«ዝም በል!» እጇ ወደ ግድግዳው ተዘረጋ። ጣቷ ያንን ነጭ ቦታ ሳይስት ጠቆመ። «አየሁት» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

በዚህ መሃል በሩ ተበረገደ። ዳቦ ጋጋሪው ቼሎውን ታቅፎ፣ ፂሙ ዱቄት ለብሶ፣ እያለከለከ ቆሟል።

«ይሄን በሬ የሚያክል ቼሎ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ስወጣ ያለእኔ ትጀምራላችሁ? አይ ሰው!»

«ና ግባ የኔ ጌታ» አለችው እንባዋን ሳትጠርግ እየሳቀች። «ቦታህ አለ።»

ጠጋኙ እርሳሱን አወጣ። የለቅሶውን ዜማ ከላይ እስከ ታች ሰረዘና መጨረሻው ላይ አንዲት ዝቅ ያለች፣ ረዥም ድምፅ ብቻ ጻፈ።

«ለዚህች ለአንዷ ነው እንዲህ ወገቤ የሚቆረጠው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ለእሷ ነው። አሁን ውጣና ደጅ ጠብቅ፤ ሲጨርሱ ገብተህ ወንበርህ ላይ ተቀመጥና ያችን ድምፅ ተጫወት።»

እያጉረመረመ ወጣ። ሦስቱ ጀመሩ። እህቱም ፊቷን ከሥዕሉ መልሳ ወደ በሩ አዞረች።