የላላው ገመድ

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ለገባ ሰው ሁሉ ስትጮህ የዋለችው ቡችላ ለዚያች ሴት ዝም አለች። ዝም ማለቷስ ይሁን፤ ከታሰረችበት ምሰሶ እስከ ገመዷ ጫፍ ተራምዳ ከሴትዮዋ ግራ እግር ሥር ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ አርባ ቢሆናት ነው። የብረት ምርኩዝ ይዛ ታነክሳለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ "ጋሼ! ጋሼ!" እያለች አለቀሰች። የሩቅ ሰው እንዲህ አያለቅስም።

መሰለች የባሏን ኮት ትከሻዋ ላይ ደርባ ከፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። ባሏ ሰብስቤ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

"እሷ ናት" አለቻት ጎረቤቷ ጉዲቱ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። "ያኔ በጋሪ ተራው በኩል ከሰብስቤ ጋር ሲሄዱ አየኋቸው ያልኩሽ። ቀስ ብለው፣ እያወሩ።"

"ቀስ ብለው?"

"እንደ ሙሽራ!"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመሰለች እንባ ደረቀ። ሰብስቤ፣ ቀስ ብሎ! ሠላሳ ዓመት በሻሸመኔ መንገድ አይሱዙ የነዳ፣ ከመኪናው ወርዶም የሚከንፍ ሰው ነበር። ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ እንኳ አሥር እርምጃ ይቀድማታል። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህማ መንገድ ላይ የምታውቀው ጀርባውን ብቻ ነው። ሐኪሙ "በየቀኑ ተራመጂ" ሲላት፣ "ካንተ ጋር መሄድ መከተል ነው፤ ይቅርብኝ" ብላው ቤት ቀረች።

ቡችላዋን ያመጣት ከዚያ በኋላ ነው። ከሻሸመኔ ስለመጣች ሻሼ አላት። አዳማ ውስጥ ውሻ ይታሰራል እንጂ ማን ያንሸራሽራል? እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ ገመዷን ይዞ ይወጣል፤ ኮቱ ቋንታ ቋንታ ይሸታል። "የት ነበርክ?" ስትለው "ውሻዋን ላናፍስ" ይላል፣ ፊቱ ፈክቶ። ሰው በውሻ ፊቱ ይፈካል? እያለች ስታብሰለስል ከርማ፣ አሁን መልሱ ጥቁር ለብሶ መጣላት። እሱን ጠርታ እንዳታፋጥጠው ሞቷል፤ እንዳታለቅስለት ደግሞ ሆዷ እምቢ አለ።

በሰልስቱ የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲፈቱ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። መሰለች ጉዲቱን "እስቲ አንዴ" አለቻት፤ ጉዲቱ ሁለት እርምጃ ብቻ ራቀች።

"ማን ነሽ?"

"አያንቱ እባላለሁ፣ እትዬ። የከብት መድኃኒት እሸጣለሁ፤ ውሻም አሠለጥናለሁ።"

"ባሌን ከየት አወቅሽው?"

"ቡችላዋ እሳቸውን ስትጎትት፣ እሳቸው እሷን ሲጎትቱ በሱቄ በር አለፉ።" ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው። "ስትጎትት ይቁሙ፣ ገመዱ ሲላላ ይሂዱ፣ ቁራሽ ሥጋም ይስጧት አልኳቸው። እሷ በሳምንቷ ገባት። መቆም ያቃታቸው እሳቸው ናቸው።"

"ካንቺ ጋር መዞሩስ?"

አያንቱ ምርኩዟን አየች። "'አረማመድሽ ልክ እንደ ባለቤቴ ነው፤ አብረሽኝ ሂጂና ልልመድ' አሉኝ። ከቀደሙኝ ተመልሰው እንደገና ይጀምሩ ነበር። 'ሳልችለው እንዳትሰማ፣ ትስቅብኛለች' ይሉኛል። ባለፈው ሐሙስ እስከ አደባባዩ ሄደን ስንመለስ አንዴም አልቀደሙኝም። 'እሑድ ባለቤቴን ይዣት እወጣለሁ' አሉኝ።"

ልቡ ቀጥ ያለው ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው።

"ያ ረቢ!" አለች ጉዲቱ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

መሰለች ግን አላመነችም። ሐዘንተኛን ለማጽናናት ስንት ነገር ይባላል። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ገመዱን ከምሰሶው ፈታች፣ ወደ ውጭ በሩ አንድ እርምጃ አነከሰች። ሻሼ አንድ እርምጃ ሄደች። መሰለች ሕመሙ ጠቅ ሲያደርጋት ቆመች። ሻሼም ቆመች። ገመዱ በመሃላቸው እንደላላ፣ ቡችላዋ ቀና ብላ መሰለች የደረበችውን ኮት ኪስ አየች።

መሰለች እጇን ኪሱ ውስጥ ከተተች። አንዲት የቋንታ ቁራሽ ቀርታለች። አጎንብሳ ሰጠቻት፤ ያኔ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ሰብስቤ!" ብላ አለቀሰች። ገመዱን ግን አልሳበችውም።