በየእሁዱ አርባ እርምጃ

ጽሑፌ ስለማያምር አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፊደል እገድፋለሁ፤ መስመሬም ወደ ታች ይወርዳል። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በጭንቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁለት ደብዳቤ ብቻ ነው።

ዘንድሮ፣ ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሁድ፣ የመንደራችን የሌንዳ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አርባ እርምጃ ወደ ወንዙ ሄደች።

የሄደችው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሰው ከግቢው ወጥቶ መንገድ ላይ ሰላም እየተባባለ ነበር። ምንም ድምፅ አልተሰማም። ዞር ስንል ራቅ ብላ ቆማ አየናት። የጭቃው ግድግዳ አልተሰነጠቀም፤ ከቆርቆሮው አንድ ሚስማር እንኳ አልወለቀም። ከኋላዋ የተሠራው የካህኑ ክፍል፣ ሽንት ቤቱና ዙሪያው የቀርከሃ አጥር አብረዋት ሄደዋል። በነበረችበት ቦታ አራት ማዕዘን ደረቅ አፈር ቀረ። ደወሉ ግን አልሄደም። ደወላችን ዝግባው ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው።

የቁምስናው፣ ማለትም የአጥቢያችን፣ ምክር ቤት ሰብሳቢ ጋሼ ኤርጊቾ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእግራቸው ለኩ።

“አርባ” አሉ።

“እርግጠኛ ነዎት?” አላቸው አንዱ።

“በእኔ እርምጃ አርባ ነው። በአንተ እግር ስንት እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።”

ያን ዕለት አባ ጡሚሶ የሰበኩት ስለ ኑዛዜ ነበር። አባ ጡሚሶ የቁምስናችን ካህን ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት አብረውን ኖረዋል። ወንጌሉ ጌታችን ለሐዋርያት ኃጢአትን ይቅር የማለት ሥልጣን የሰጠበት ነው። እሱን አንብበው ዘጉና ለካህን መናዘዝ አያስፈልግም አሉ። ሰው በቤቱ ሆኖ ለእግዚአብሔር ከነገረ ይበቃዋል፤ የካህን ጆሮ ትርፍ ነው አሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። የደከማቸው ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት ለኑዛዜ የሚሰለፉትን ሰዎች በፈገግታ ወደ ቤታቸው ይመልሷቸው ጀመር።

እኔ ሰባቱን ምሥጢራት በቃሌ አውቃለሁ። ንስሐ አራተኛው ነው። ያን እሁድ ማታ ስቆጥራቸው አራተኛው ላይ ስደርስ ዘለልኩት፤ ቀለል አለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ አባ ያንኑ ሰበኩ፤ ቤተ ክርስቲያኗም አርባ እርምጃ ሄደች። በሦስተኛው እሁድ የአቶ ሀንዲሶ በቆሎ ላይ ቆመች። አቶ ሀንዲሶ ጴንጤ ነው። ሰኞ ጠዋት መኮትኮቻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጋሼ ኤርጊቾ ቤት መጣ።

“ቤተ ክርስቲያናችሁ በቆሎዬ ላይ ናት።”

“አይተናል።”

“መቼ ትነሣለች?”

“እሁድ።”

አቶ ሀንዲሶ አሰበ። “እሁድ ከሆነ እጠብቃለሁ” አለ። “ግን እናንተ እኛ ዘንድ ልትመጡ ከሆነ በበሩ ግቡ። በእርሻ አትምጡ።” ሁለቱም ሳቁ። ጋሼ ኤርጊቾ ግን ሰውዬው ከሄደ በኋላ ብዙ ጊዜ መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ።

አባ ጡሚሶ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከግቢው አይወጡም። አጥሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የክፍላቸው መስኮትም ከፍ ያለ ስለሆነ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ከአልጋቸው እስከ መሠዊያው ሁልጊዜ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አንድ ቀን ውኃ ሳመጣላቸው “ሉቺያ፣ የደወሉ ድምፅ እየቀነሰብኝ ነው፤ ጆሮዬ ደከመ መሰለኝ” አሉኝ። እኔ “እሺ አባ” ብዬ ወጣሁ። ሰው ፊት ስቆም ከዚህ ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

ከአራተኛው እሁድ በኋላ ምክር ቤቱ ዝግባው ሥር ተሰበሰበ። እማማ ዲንቄም ነበሩ። የምክር ቤት አባል አይደሉም፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ መሄድ አልቻሉም። እሁድ እሁድ ደረቁ አፈር ላይ፣ ድሮ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ ብቻቸውን ተቀምጠው ያስቀድሳሉ።

“እስከ ወንዙ ስንት ቀረ?” አሉ እማማ ዲንቄ።

“መቶ አርባ” አሉ ጋሼ ኤርጊቾ። “በዚህ አካሄዷ ከሦስት እሁድ በኋላ ወንዙ አፋፍ ላይ ናት። በአራተኛው ትሻገራለች። ከተሻገረች የሌላ ቁምስና ናት።”

“ዛሬ ንስሐን አነሱልን” አለች ወይዘሮ ማርታ፣ የመዘምራኑ አለቃ። “ነገ ደግሞ ጋብቻን ያነሱልናል። ያኔ ይሄን ሰውዬ ወደ እናቱ ቤት እመልሰዋለሁ።” ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

ጋሼ ኤርጊቾ አልሳቁም። ሥርዓቱን ያውቃሉ። የሚሳሳት ወንድም ሲኖር መጀመሪያ ለብቻው ይነገረዋል፤ ካልሰማ ሁለት ሦስት ሆነው ይነግሩታል፤ ካልሰማ ደግሞ ወደ ጳጳሱ ይደርሳል። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ ካህን ከመሠዊያው የተናገረውን ፊት ለፊት ቆሞ መመለስ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ማን ሄዶ ይንገራቸው ተብለው አንድ በአንድ ተጠየቁ። አንድ በአንድ መሬት አዩ።

“በደብዳቤ ይሁን” አሉ ጋሼ ኤርጊቾ በመጨረሻ። “ሉቺያ ትጻፈው። ውኃ ስታመጣ ትሰጣቸዋለች።”

“የሷ ጽሑፍ እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው” አለች ወይዘሮ ማርታ።

“ይሁን። ሉቺያ ግን አታወራም። የአባ ነገር ከመንደር እንዲወጣ አልፈልግም። እንዲያፍሩ አይደለም የምንፈልገው፤ እንዲቆዩልን ነው።”

እነሱ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ደብዳቤው አጭር ነበር። “አባ፣ እንወድዎታለን። ስለ ኑዛዜ የሚያስተምሩን ቤተ ክርስቲያን ካስተማረችን ጋር አልገጠመልንም። የተሳሳትነው እኛ ከሆንን ያስረዱን። ቤተ ክርስቲያኗም እየሄደች ነው፤ እባክዎ ወጥተው ይዩ።” እማማ ዲንቄ የራሳቸውን ቃል እንድጨምር ጠየቁ። “እንዲህ በይልኝ” አሉኝ። “እግዚአብሔር ሰምቶ ዝም ይላል። እኔ ሰምቶ መልስ የሚሰጠኝ ሰው ነው የምፈልገው። ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ አንድ የከበደኝ ነገር አለ።”

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤውን በቀሚሴ ውስጥ፣ ጀሪካኑን በጀርባዬ ይዤ ሄድኩ። ስመለስ ጋሼ ኤርጊቾ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

“ምን አሉ?”

“አንብበው ዝም አሉ” አልኩ።

“ዝም?”

“ዝም።”

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ውስጡን አዩና መልሰው ደፉት። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ሁለት እሁድ ጠበቁ። በሁለቱም እሁድ አባ ያንኑ ሰበኩ፤ ቤተ ክርስቲያኗም ሰማንያ እርምጃ ሄደች። ጋሼ ኤርጊቾ ከዚያ በኋላ አባን ሲሳለሙ ዓይናቸውን አያዩም ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ ለጳጳሱ አጻፉኝ። ቀኖቹን፣ የተባለውን ቃልና የተሄደውን እርምጃ ሳንጨምር ሳንቀንስ አሰፈርን። መጨረሻ ላይ “አስቀድመን እሳቸውን ጠይቀናል፤ መልስ አልሰጡንም” የሚል አለበት። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እስክሪብቶው አልተፋም፤ ቀጥ ብሎ ጻፈ። ከጻፍኳቸው መስመሮች ወደ ታች ያልወረደው እሱ ብቻ ነው።

ከሰባተኛው እሁድ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከሀገረ ስብከቱ አንድ ቀጭን ካህን በመኪና መጡ። ደብዳቤያችንን ይዘዋል። አባ ጡሚሶን በክብር ሳሟቸው፤ ከዚያ ክንዳቸውን ደግፈው ከአጥሩ ውጭ አወጧቸው። እኛ ውጭ ቆመን ነበር። አባ ጡሚሶ ከበሩ ሃያ እርምጃ ላይ የሚወርደውን ውኃ አዩ።

“ወንዙ መቼ መጣ?” አሉ።

“ወንዙ አልመጣም፣ አባ” አሉ ጋሼ ኤርጊቾ። “የመጣነው እኛ ነን።”

አባ ወደ ላይ ዞረው አዩ። ዝግባው ከሩቅ ይታያል። ሰባቱን እሁድ በዓይናቸው የቆጠሩ መሰለኝ።

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

“ጽፈንልዎት ነበር።”

“ለእኔ?”

“አዎ፣ አባ።”

“ማን አመጣው?”

ጋሼ ኤርጊቾ በእጃቸው አመለከቱኝ። አባ ጡሚሶ አዩኝ። ጫማዬን አየሁ። ጫማዬ ላይ ጭቃ ነበር። ቀጭኑ ካህን “ደብዳቤው ደርሶዎታል?” ብለው ጠየቁ። አባ ጡሚሶ አንዴ ወንዙን፣ አንዴ እኔን አዩ።

“እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። “ልጅቷን ተዉአት።”

ማንም አልያዘኝም ነበር። ቢሆንም ሁሉም ወደ ኋላ አንድ አንድ እርምጃ አሉ።

ቀጭኑ ካህን አባ ጡሚሶን ይዘዋቸው ሊሄዱ ነው የመጡት። በከተማ ያርፋሉ፤ ከሊቃውንቱ ጋር ይነጋገራሉ፤ ምናልባት ይመለሳሉ፤ ምናልባት ሌላ ቦታ ይመደባሉ ተባለ። አባ አንድ ሻንጣ ብቻ ያዙ። መኪናው ዝግባው ሥር ሲደርስ አስቆሙት። እማማ ዲንቄ ደረቁ አፈር ላይ ተቀምጠው ነበር። አባ በሚያማቸው እግር ወርደው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ጆሯቸውን ወደ እሳቸው አስጠጉ። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። በመጨረሻ አባ እጃቸውን አንስተው ሲያማትቡባቸው ከሩቅ አየን።

መኪናው ከሄደ በኋላ ወይዘሮ ማርታ “ምን አሉዎት?” ብላ ጠየቀች።

“የነገርኳቸውን አንቺ ልትሰሚ አይደለም” አሉ እማማ ዲንቄ። ቀጥለው ግን “መልስ ሰጡኝ” አሉ። “የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት እመጣልዎ ነበር አሉኝ። ሰው ሁሉ ዝም ሲል የተስማማ መስሏቸው ነበር።” በሐምሌ እማማ ዲንቄ በሰላም አረፉ።

አዲስ ካህን እስካሁን አልተመደበልንም። ቤተ ክርስቲያኗ ተቆልፋለች፤ ቁልፉ ጋሼ ኤርጊቾ ዘንድ ነው። አባ በሄዱ በመጀመሪያው እሁድ ማንም ሳይሰብክባት አርባ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሰው እልል አለ። በሰባተኛው እሁድ ደረቁ አፈር ላይ ልክ በልክ ገጠመች። ቸርኬው ተደወለ። ጋሼ ኤርጊቾ አለቀሱና “አሁን እሳቸውም ቢመለሱልን” አሉ።

በስምንተኛው እሁድ ግን አልቆመችም። ዝግባውን አልፋ አርባ እርምጃ ወደ ላይ መጣች።

“ልኬቱ ላይ ስህተት ይኖራል” አሉ ጋሼ ኤርጊቾ። እንደገና ለኩ፤ ስህተት አልነበረም። ወደ ላይ በኩል ያለው ቤት አንድ ብቻ ነው። የእኛ ቤት ነው። ከዝግባው እስከ እኛ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሰዎች ወዴት ትሄዳለች ብለው ተከራከሩ። አንዱ ወደ አስፋልቱ አለ፤ ሌላው ወደ ጳጳሱ አለ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ስለማላወራ ማንም አይጠይቀኝም።

ወደ ላይ መምጣት ከጀመረች ዛሬ አምስተኛው እሁድ ነው። እናትና አባቴ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ዝግባው ሥር ነው የሚጸልዩት። መስኮቴን ስከፍት አጥሩ የለም፤ ግድግዳዋ ፊቴ ነበር። እጅ የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልነበረም። ጭቃው በትንፋሼ ረጠበ። ግንባሬን አስደገፍኩና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገርኩ።

ደብዳቤውን አልሰጠኋቸውም አልኩ። ያን ሐሙስ ጀሪካኑን አስቀምጬ በራቸው ላይ ቆምኩ። አባ መጽሐፍ ላይ ነበሩ፤ ቀና ብለው “ሌላ ነገር አለ፣ ልጄ?” አሉኝ። ወረቀቱ ደረቴን ይወጋኝ ነበር። “የለም አባ” አልኩ። አፍሬ ነው፤ ግን በማፈር ብቻ አይደለም። መናዘዝ ከሞት ይበልጥ እፈራ ነበር፤ አያስፈልግም ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደብዳቤውን ካነበቡ መልሰው ያስፈልጋል እንዳይሉ ፈራሁ። ወረቀቱን ወንዝ ላይ ጣልኩት። አንብበው ዝም አሉ ያልኩት ውሸት ነው። አባ ጡሚሶ ምንም አያውቁም ነበር። ይህን ለእናቴም፣ ለጋሼ ኤርጊቾም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ይህን ብዬ ጨረስኩ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በተቆለፈችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አንድ ሰው ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።