ቀጭ የምትለዋ

«እዚያ ጋ ሕፃን እንዳታስቀምጡ፣ ሽቦ አለ!» አለች እናትየው፣ በባሏ ሞት የሚያጽናናትን ሰው እጅ ሳትለቅ።

ሳሎኑ ግማሹ ተለስኗል፣ ግማሹን ገና ቀለም አልነካውም። በየበሩ አጠገብ፣ ማብሪያ ማጥፊያ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። ከቀዳዳው ጫፋቸው በጥቁር ናስትሮ የታሰረ ሽቦዎች ወጥተዋል። ለቀስተኛ ሲበዛ ከጎረቤት ወንበር ይመጣል፣ ወንበሩ ቀዳዳው ሥር ይደረጋል፣ የተቀመጠበት ሰው ቀና ብሎ ሽቦውን ያያል፤ ከዚያ «ነፍስ ይማር» ይላል። ለሟቹ ይሁን ለቤቱ አይታወቅም።

«ወንድሜን የገደለው ይኼ ማብሪያ ነው» አለች የሟቹ እህት አጠገቧ ላለች ጎረቤት፣ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ደግሞ ጓዳ ድረስ ይሰማል። «ልብህ ደክሟል፣ ዕረፍ ተብሏል። እሱ ግን ሱቅ ለሱቅ! ለማብሪያ!»

እናትየው ሰማች። እሷም በልቧ የምትለው ያንኑ ነው።

ነፍሱን ይማርና፣ ባሏ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ ግን የሚጠራው «ጋሼ አጥፉት» እያለ ነበር። ሰው ከክፍል ወጥቶ ገና ሁለተኛ እግሩን ሳያነሳ «አጥፉት!» ይላል። አንድ ጊዜ እንግዳ መጸዳጃ ቤት እያለ አጥፍቶበት፣ ሰውየው በጨለማ «አለሁ! ኧረ አለሁ!» እያለ ሲጮህ ልጆቹ በሳቅ ሊሞቱ ነበር። ማታ ማታ የቤቱን መብራት ሁሉ ዞሮ ይፈትሽና በመጨረሻ የመኝታ ቤቱን ያጠፋል። ከዚያ ራሱ ባመጣው ጨለማ የአልጋውን እግር ይረግጣል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ በሱ በኩል ብርድ ልብሱን ገለጥ ታደርግና «ና ግባ፣ አትደናበር» ትለዋለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዲህ ነው።

ጣሪያው አፍስሶ ቤቱን ማደስ ሲጀምሩ ግን ይኼው ሰው «ስማርት ማብሪያ ነው የማስገባው» ብሎ ተነሳ። በስልክ የሚታዘዝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ የሚያጠፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ግድግዳው ድረስ መሄድ አቃተህ እንዴ?»

«ርካሽ አለ» አላት። «ፈልጌ አገኛለሁ።»

የድሮዎቹን ማብሪያዎች አስነቀለ። የመኝታ ቤቱን ብቻ «እሱ መጨረሻ ይሁን» ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ኮቱን ደርቦ መውጣት ነው። ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ዛሬስ?»

«አልተስማማኝም።»

«ምኑ?»

«ተይኝ እስቲ፣ አንቺ ደግሞ!»

ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነግሯቸዋል። እሷ ያቺን የቀረች ጊዜ አብረን ቁጭ እንላለን ብላ ነበር። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ትቀዳለች፤ አንዱ ይቀዘቅዛል፤ እሱ የሆነ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው። በመጨረሻው ቀንም ከዚያው ተመልሶ፣ ፊቱ በርቶ፣ «ነገ አሳይሻለሁ» አላትና ወንበሩ ላይ ዐረፍ አለ። እንደተቀመጠ ቀረ።

አሁን ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላታል። «አሜን» ትላለች። ከሐዘኑ ሥር ያለውን ቅያሜ ግን ለፈጣሪዋ ብቻ ነው የነገረችው። ጌታዬ፣ የሞተ ሰው መቀየም ኃጢአት ከሆነ ይቅር በለኝ፤ ግን ከኔ ማብሪያ በለጠበት? ይኼን እያለች፣ የመኝታ ቤቱን መብራት በገዛ እጇ አጥፍታ፣ ዓይኗ እንደፈጠጠ ይነጋል።

ከቀትር በኋላ ልጇ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ልብስ ሰፊ ነው፤ በጅምር የቀረ ነገር ማየት አይወድም።

«እማዬ፣ ይኼ ቀዳዳ ይደፈን። ርካሽ ናቸው፣ ስማርት ናቸው። አባዬ የፈለገው ይኼንን ነው።» መስታወት የመሰሉ፣ ሲነኳቸው የሚያበሩ ናቸው።

ቤቱን ሲሠራ የከረመው ኤሌክትሪሺያን እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሐዘን ላይ ካቻቪቴ ማውጣት አሳፈረው።

«ግድ የለም» አለችው እናትየው። «እዚህ ሰው አለ፤ መኝታ ቤቱ ላይ አንዱን ሞክረው።»

የድሮውን ነቅሎ አዲሱን ገጠመው። ልጁ በጣቱ ነካ፣ በራ። ነካ፣ ጠፋ። ኮሽ አይልም። መጋረጃው ተዘግቶ ነበርና ትንሽ ቆይቶ ታየ፤ አምፖሉ ጨርሶ አልጠፋም፣ ፍዝዝ ያለች ብርሃን ቀርታበታለች።

«ወንድሜን!» አለች የሟቹ እህት ደረቷን ይዛ። «ነፍሱ ናት!»

«ተይ እባክሽ» አለቻት እናትየው። «ነፍሱ ጌታ ዘንድ ናት፤ አምፖል ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ነፍስ አይደለም እትዬ፣ የሽቦ ነገር ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ቤቱ አሮጌ ነው። ኑትራሉ፣ መመለሻው ሽቦ ማለት ነው፣ ኮርኒሱ ላይ ቀርቷል፤ ማብሪያው ድረስ አልወረደም። ስለዚህ ማብሪያው ጠፍቶም ለራሱ የምትበቃውን ኮረንቲ በአምፖሉ በኩል ይሰርቃል። እኔም ለጋሼ ይኼንኑ ነበር የመረጥኩላቸው። አይተውት፣ 'ሌባ ማብሪያ አላስገባም!' ብለው ጣሉት።»

ሳቅ ሆነ። እናትየውም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«ታዲያ ምን ነበር የሚፈልገው? ንገረኝ። ያን ሁሉ ቀን ምን ሲፈልግ ነው ያለፈው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ካቻቪቴውን በእጁ አገላበጠ።

«ድምፅ ነው ያስቸገረን፣ እማማ።»

«የምን ድምፅ?»

«ቀጭ እንዲል። በየሱቁ እያስወጡ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይጫኑት ነበር። ባለሱቆቹ 'ጋሼ፣ ስልክ አይደለም እኮ!' እያሉ ይስቃሉ። ኋላ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። 'ሚስቴ ጸሎቷን አድርሳ ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ አትተኛም' አሉኝ። 'ማጥፊያውን ቀጭ ሳደርገው ነው ትንፋሿ የሚለወጠው። እሷ አታውቀውም፤ ና ግባ የምትለኝም በእንቅልፍ ልቧ ነው። እኔ ስሄድ ማን ያደርግላታል?'»

የሟቹ እህት መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። ልጁ ካርቶኑን ዝቅ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

እናትየው የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጸሎቱ ነው የሚያስተኛኝ ትል ነበር። እስቲ ከቀጭታው በኋላ ያለውን አንድ ማታ እንኳ ለማስታወስ ሞከረች። ምንም የለም።

«አላገኘውም?» አለች።

ኤሌክትሪሺያኑ ከቦርሳው የክብሪት ሳጥን የምታክል ነገር አወጣ። «አገኙ። ኮርኒሱ ላይ፣ አምፖሉ ሥር ነው የምትገባው፤ ኑትራሉ እዚያ ስላለ ግድግዳው አይፈርስም። የግድግዳው ማብሪያ የድሮው ይሆናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ የምታጠፋው ግን ይቺ ናት። ከሁሉም ርካሿ እሷ ሆነች፤ ስታጠፋም ቀጭ ትላለች። ሱቄ ቁጭ ብለው የምታጠፋበትን ሰዓት ራሳቸው ሞሏት፤ 'ነገ መጥተህ ግጠማት' ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ስመጣ ሰው በር ላይ ቆሟል። በለቅሶ መሐል ይኼን ማውጣት…»

«ግጠማት» አለች።

መሰላል መጣ። ልጁ ያዘለት።

«የኔዎቹን እመልሳቸዋለሁ፣ እማዬ።»

«አትመልስ። አንዱን መተላለፊያው ላይ አድርገው፤ እዚያ ፍዝዝ ብሎ ቢያድር አንደናቀፍም።»

«አባዬ ቢሰማሽ!»

«ይስማ። አሁን ያለበት ቦታ ቆጣሪ የለም።»

ሲመሽ ለቀስተኛው ተሰነባበተ። የሟቹ እህት ሳሎን ተኛች። እናትየው ቆማ ጸለየች፤ ስሙን ከሕያዋኑ ጋር ጠራችና፣ ቆም ብላ፣ ከሙታኑ ጋር ደግማ ጠራችው። ከዚያ በሷ በኩል ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ኮርኒሱ ላይ ቀጭ አለ።

ጨለመ። እጇ፣ እሷ ሳታዘው፣ በሱ በኩል ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገው።