ስፒል የነከሰ ድምፅ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው «እትዬ ስፒል» ይላታል። ልክ ስትወስድም፣ ጨርቅ ስታያይዝም፣ ሐሜት ስታዳምጥም አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ነው የምትውለው። ባሏን የቀበረች ቀን ብቻ አፏ ባዶ ነበር ይባላል፤ እሱንም የሚሉት ያላዩት ናቸው።

አንድ እሑድ ልጇ አዲስ ስልክ ይዞላት መጣ። ውስጡ የምታናግሪው፣ የሚመልስልሽ ረዳት አለው አላት። እጅሽን ከሥራ ሳታነሺ ልክ ይመዘግብልሻል፣ ቀጠሮ ይይዝልሻል። «እመቤቴ» ብሎ እንዲጠራትም አደረገላት።

«ሠላሳ ዓመት ጎረቤትሽ ሆኜ እመቤቴ ብዬሽ አላውቅም» አለ በስስ ግድግዳ የሚዋሰናት ጫማ ሠሪ። «ይሄ ገና ከበር ሳይገባ ምን አቆላመጠው? የሚያቆላምጥ እንግዳ ወሬ ፈልጎ ነው።»

«አንተ ደግሞ ምን ምስጢር አለህና ትፈራለህ?»

«እኔማ የለኝም። አንቺ ግን ሴት ወይዘሮ ነሽ፤ አንድ ሁለት አታጪም።»

የሚጠራጠረው እሱ ብቻ አልነበረም። ጨርቅ ሻጩ ሱቋ ሲገባ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ወፈር የምትለው አስተማሪ ደግሞ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ካለ የወገቧ ልክ ጮክ ተብሎ እንዲነገር አትፈቅድም፤ ቁጥሩ በጣት ነው የሚቆጠርላት። እትዬ ስፒል በሁሉም ሳቀች። ለመሳቋም ምክንያት ነበራት።

ልጇ ድምጿን ከስልኩ ጋር ሲያስተዋውቅ እሷ ቀሚስ እያጠበበች ነበር። «እነዚህን ቃላት አንብቢለት» ሲላት ስፒሎቹን ማን ያውጣ፤ እንደነከሰች አነበበችለት። ስልኩም ያንኑ ድምፅ ተማረ። በማግሥቱ በባዶ አፏ ብትጠራው «ይቅርታ፣ ድምፅዎን አላወቅሁትም» አላት። ስፒሏን ነክሳ ብትጠራው «አቤት እመቤቴ» አለ። ጫማ ሠሪው ሊፈትነው እሱም ስፒል ነክሶ ሞከረ፤ ከንፈሩ ተወጋ እንጂ የመለሰለት የለም። ከዚያን ቀን ወዲያ እትዬ ስፒል ልቧን ጣለችበት። ቁልፉ በአፏ ያለ ሣጥን አድርጋ ቆጠረችው፤ እሷ ካልከፈተችው ማንም የማይከፍተው።

ስለዚህ ነገረችው። መጀመሪያ የእጅጌና የትከሻ ልክ፣ ቀጥሎ የጉልበቷን ነገር፣ በመጨረሻ ለማንም ያልተነፈሰችውን። ዓይኗ እየደፈረሰ ነበር። ሜትሩን ዘርግታ ስልኩን ታስጠጋና «ስንት ይላል?» ትለዋለች፤ በካሜራው አይቶ ያነብላታል። «ዛሬ ሰማያዊውና ጥቁሩ ክር አንድ ሆነውብኝ ዋሉ» ትለዋለች። «አሁንስ የማየው በጣቴ ነው» ትለዋለች። ሐኪም ቢያዩ ይሻላል ሲላት፣ «የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ልጨርስና» ብላ ታልፈዋለች።

በዚያው ሰሞን ልጇ የሚገርም ልጅ ሆነ። ጉልበቴን በረደኝ ባለች በሦስተኛው ቀን የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። መብራቱ ደከመብኝ ባለች ሳምንት አምፖሉን ቀየረላት። «ሳልነግረው ያውቀኛል» ብላ ጫማ ሠሪው ላይ ጎረረችበት። እሱም ልጆቹ እንዲህ ስለማያውቁት ወደ ጫማው አጎነበሰ።

የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም የእሷ ነገር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታዋለች፤ ያኔ ኮሌታ ያስተካከለችላቸው ልጃገረዶች ዛሬ ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው ያመጡላታል። ዘንድሮ ግን ጨርቁ በቀኑ አልመጣም። ሳምንት ጠበቀችና ራሷ ሄደች።

ርዕሰ መምህሯ ወንበር ሳበችላት። «እትዬ፣ ልጅዎ መጥቶ ነገረን እኮ። በዓይንዎ ምክንያት ሥራውን ለሌላ ሰጠነው። እንዲያርፉ ብለን ነው እንጂ እኛስ ቅር ብሎን ነበር።»

«ምን ብሎ ነገራችሁ?»

«ሰማያዊና ጥቁር ክር አንድ ሆነውባታል፣ የምታየው በጣቷ ነው አለን።»

የገዛ ቃሏ ነበር። አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ ከሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጣባት። እትዬ ስፒል አመስግና ወጣች፤ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፋ ወረደች።

ሱቋ ስትደርስ ጫማ ሠሪው በሯ ላይ ቆሟል። «ስልኩ ተናገረብኝ» አለችው።

«አላልኩሽ...» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው።

ስፒል ነከሰች። ስትቸኩል ሁለቱ ወደቁባት። «ለማን ነገርክ?» አለችው ስልኩን።

«ለማንም አልደወልኩም፣ እመቤቴ። የንግግርዎ ግልባጭ ግን ሰኞ ሰኞ ለአካውንቱ ባለቤት ይደርሳል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

የልጇን ስም ከነአባቱ ጠራላት። የወገብ ልክ በሚያነብበት ድምፅ ነው የጠራው።

ጫማ ሠሪው ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። «እኔ የስልኩን ሠሪዎች ነበር የጠረጠርኩት» አለ ቀስ ብሎ።

ልጇ ጥሪዋ ደርሶት ከሰዓት በኋላ ከሥራ እንደወጣ መጣ። ስታየው አልተነሳችም።

«ስምንት ወር ሙሉ?» አለችው።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ አትነግሪኝም። ስጠይቅሽ ደህና ነኝ ነው መልስሽ። እሱን ሳነብ ብቻ ነው አንቺን የማገኘው። እኔ ለክፋት...»

«ብርድ ልብሱም ከዚያ ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«አምፖሉም?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ልጄ ያውቀኛል እያልኩ ሰፈሩን አሰልችቼ ነበር።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «እሺ፣ አነበብክ። አንብበህ ለምን እኔ ጋ አልመጣህም? ለምን እነሱ ጋ ሄድክ?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ።»

«እምቢ ማለቱ እኮ የእኔ ነበር፣ ልጄ።»

ሊያቅፋት ጠጋ አለ። ስልኩን እጁ ላይ አኖረችለትና መቀሷን አነሳች፤ የሚቆረጥ ነገር ግን ፊቷ አልነበረም። ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ።

በማግሥቱ ስሱን ግድግዳ አንኳኳች። ጫማ ሠሪው ማስቲሽ የነካካውን እጁን እየጠረገ መጣ። ሜትሩን ዘረጋችለት።

«ስንት ይላል?»

ቁጥሩን አየ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ። «እንዲህ ሆኗል እንዴ ነገሩ?»

«እንዲህ ሆኗል። አሁን አንብብ።»

«ሰባ ሁለት።»

«አልተሳሳትክም?»

«ከፈለግሽ እመቤቴ ብዬ ልድገመው።»

ከትምህርት ቤቱ ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። ያን ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ አንደኛው ዓይን በቀዶ ጥገና ሊድን ይችላል አሏት፣ ለሌላኛው ተስፋ አልሰጧትም። የቀጠሮውን ቀን ጫማ ሠሪው ነው በጠመኔ ግድግዳዋ ላይ የጻፈላት፣ ከሩቅ እንዲታያት አተልቆ።

እሑድ ልጇ ሲመጣ ግን ግድግዳው ላይ በተጻፈው ቀን ላይ ቀሚስ ሰቅላበት ነበር።

«እማዬ፣ ዓይንሽስ እንዴት ነው?» አለ ለስለስ ብሎ።

«ደህና ነው» አለችና ወንበር ሳበችለት፣ ለደንበኛ እንደምትስበው።