ያልጎደለው ዘይት

በዚያ ቤት ሽማግሌው የሚባለው ሰው ሳይሆን መኪናው ነው። በናፍጣ የሚሄድ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ በሩ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ አሮጌ የዕቃ ማመላለሻ ቫን ነው። ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ከአናጢዎች ቤት አልጋና ቁም ሣጥን ሲያመላልስበት ኖሮ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም እንዳለ ቀረ። ለሚስቱ የተረፏት ሽማግሌው፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ አማችና ጋራዡ ጥግ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ጀሪካን ወፍራም የሞተር ዘይት ናቸው።

አማችየው የፋብሪካ ጸሐፊ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ቤት ዋለ፤ ቤት የዋለ ወንድ አማቱ ፊት ምን ያህል እንደሚያንስ የደረሰበት ያውቀዋል። አማቲቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህማ እንኳን ሰው ልታሳንስ ከአልጋዋ መነሳቱም ታክቷት ነበር። ስለዚህ መኪናውን ማን ይንዳ የሚለው ነገር ብዙ ሳያነጋግር ቁልፉ እሱ እጅ ገባ።

እሱ ግን መንዳቱን ትቶ ማንበብ ጀመረ። ከመኪናው መሳቢያ የመመሪያውን መጽሐፍ አውጥቶ፣ በቅባት የተጣበቁትን ገጾች በምላጭ እየለየ፣ ከዳር እስከ ዳር ተወጣው። ጎረቤታቸው መካኒኩ በአጥር በኩል ብቅ ብሎ፣ "አማችሽ ሊነዳ ነው ወይስ ሊመረቅ?" ብሎ አማቲቱን ጠየቃት።

ዘይት ሊገዛ ሲሄድ ይዟት ሄደ። የሄደችው ልጇ ነጠላ ጫማዋን እግሯ ሥር አምጥታ ስላስቀመጠችላት ብቻ ነው። የዘይት ሱቁ ጠባብ ነው፤ ወለሉ ጫማ ይይዛል፤ ሻጩ ስንጥር በጥርሱ ነክሶ ከቆርቆሮዎቹ መሀል ተቀምጧል። አማችየው በመጀመሪያ የፍሬን ዘይት ጠየቀ። ሻጩ ክዳኑ የተነካ ዕቃ አውርዶ፣ ትንሽ ነው የጎደለው፣ ቀንሼ ልስጥህ አለው።

"ከተከፈተ እርጥበት ይስባል" አለ አማችየው። "ያልተከፈተ ስጠኝ።"

ለካምቢዮው አዲሱን ዓይነት ሲያቀርብለትም አልወሰደም። የዚህ መኪና ካምቢዮ ውስጡ ናስ አለበት፣ አዲሱ ዘይት ናስ ይበላል፣ የድሮውን ዓይነት አምጣልኝ አለ። ለራዲያተሩም ዝገት የሚከላከለውን ፈሳሽ ገዛ። አማቲቱ ዝም ብላ ትሰማለች። ነፍሱን ይማረውና ባሏ ራዲያተሩን ከቧንቧ ነበር የሚሞላው፤ የፍሬኑንም ዘይት ካገኘበት ነበር የሚጨምረው። ልጁ አልተሳሳተም፤ አልተሳሳተም ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

የሞተሩ ዘይት ላይ ሲደርሱ ዝምታዋ አለቀ።

"አርባውን፣ ወፍራሙን ስጠው" አለችው ሻጩን።

"እማማ፣ ወፍራም ዘይት ጠዋት ጠዋት ቶሎ ወደ ላይ አይወጣም። እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ በደረቁ ነው የሚሽከረከረው። መጽሐፉም የሚለው ይኸንኑ ነው።"

"መጽሐፉ ሲጻፍ መኪናው አዲስ ነበር። ያረጀ ሞተር ውስጥ ቀጭን ዘይት አይቆምም ልጄ። ይበላዋል።"

"ሁለታችሁም እውነት አላችሁ" አለ ሻጩ። "ሁለቱም ዓይነት አለኝ።"

አማችየው ቀጭኑን ገዛ። የዚያን ዕለት ራት ላይ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ ሽማግሌው ዘይት አይበላም" አለ። አማቲቱ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ባሏን በኩራት ታየዋለች፤ በዚያ ዐይን ካየችው ቆይታለች፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በዚያው ጸና።

ሳምንት ሳይሞላ አማቲቱ ማልዳ ነቃች። እንቅልፉም እምቢ ስላላት ወደ ጋራዡ ወጥታ ኮፈኑን ከፈተች፤ መለኪያውን መዝዛ በጨርቅ ጠርጋ፣ መልሳ ከትታ አወጣችው። ዘይቱ ታችኛው ምልክት ላይ ደርሷል። ብላ ነበር እኮ፤ እንግዲህ ሄዶ መንገር ነው። ነገር ግን ያ የራት ላይ ዐይን ትዝ አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ የቆርቆሮ ኩባያ ፈለገችና ከባሏ ጀሪካን ቀድታ ሞላችበት።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ልጁ ሳይነሳ፣ ገና ሳይነጋጋ ትወጣለች፤ ለክታ የጎደለውን ትሞላለች። እየሞላችም ባሏን ታዋራዋለች። የቤቱን ወሬ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ ስለ አማቹ አነዳድ የታዘበችውን ሁሉ ትነግረዋለች። እሱ በቁሙም ሲያዋሩት ብዙ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ልዩነቱ ያን ያህል አልተሰማትም። ተመልሳ ስትገባ ደግሞ ቁርስ ይበላላት ጀመር።

አማችየው ከቁርስ በኋላ መለኪያውን እየመዘዘ ለመጣ ለሄደው ያሳያል። "ይኸው፣ ንክች አላለም" ይላል። ይህ ሞተር ወርዶ ካልታደሰ ተስፋ የለውም ያለው ጎረቤታቸው መካኒክ ራሱን አከከ። ሽማግሌው መጠጥ ተወ እየተባለ በሰፈሩ ተወራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እውነቱን የማይሰማው እሱ ብቻ ነው ብላ አማቲቱ አዘነችለት፤ ትንሽም ሳቀችበት።

ከወራት በኋላ አንድ ሥራ መጣ። ከተራራው ማዶ ላለ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበሮች ማድረስ ነው፤ መሄጃውና መመለሻው ቀናት ይፈጃል፤ መንገዱ አብዛኛው ዳገት ነው። አማችየው መኪናውን ሲያዘጋጅ ዋለ። ትርፍ ጎማ ጫነ፣ ክሪክ ጫነ፣ ለራዲያተሩ ውሃ ጫነ። ዘይት ግን ሲጭን አልታየም። አማቲቱ ከደጃፉ ቆማ እያንዳንዱን ዕቃ ትቆጥር ነበር። ሽማግሌው በደህናው ቀን እንኳ የሚጠጣውን ታውቃለች፤ ያን ጭነት ይዞ ያን ዳገት ሲወጣ ማንም ካልሞላለት መንገድ ላይ ይደርቃል። ሞተሩ በደረቁ ተጣብቆ ነከሰ ማለት ደግሞ አለቀ ማለት ነው፤ ቤቱ ከሽማግሌው ሌላ የሚተዳደርበት የለውም። ትንገረው እንዳትል፣ የነፋው ደረት ሁሉ በአማቱ ኩባያ የተሞላ መሆኑ ሚስቱ ፊት ሊወጣ ነው።

ራት ላይ ሞከረች። "ለማንኛውም ትንሽ ዘይት ብትይዝ" አለች።

"ለምኑ እማማ? አይበላም እኮ።"

ልጇ ሳል ያዛትና ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። አማቲቱ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን በሆዷ አለችው፤ መከራው ለእሷም እንደሚተርፍ ግን ታውቃለች።

"እንግዲያው እኔም አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። "እህቴ እዚያው ማዶ ናት። ካየኋት ቆየሁ።"

ባልና ሚስት ተያዩ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰፈሩ ወጥታ አታውቅም። "ደስ ይለኛል" አለ አማችየው። እሷም ከጀሪካኑ በትንሽ ዕቃ ቀድታ፣ በሹራብ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ዳገቱን ሲወጡ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ይከተላቸው ጀመር። እሱ ስለ ወንበሮቹ አሠራር ያወራል፤ እሷ ሞተሩን ታዳምጣለች። እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት አጠገብ አቆመ። ሻይ ላምጣልዎት ብሎ ሲሄድ ጠበቀችና ዕቃዋን ይዛ ወረደች። ኮፈኑን ከፈተች። መለኪያው ላይ ዘይት የለም ማለት ይቻላል። ቶሎ ቶሎ ማፍሰስ ጀመረች።

እጇ እንደ ያዘው ቆመ። ሁልጊዜ የምትሞላው በጨለማ ቤት ነው፤ ዛሬ ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። የባሏ ዘይት እንደ ጠቆረ ማር የሚጎተት ነበር። ይኸኛው የሻይ መልክ አለው፤ ሲፈስም አይጎተትም። በጣቶቿ መሀል አሸችው። ቀጭን ነው።

"ሻዩ ይቀዘቅዝብዎታል" አለ ከኋላዋ። ሁለት ብርጭቆ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ መገረም የለም።

"ይሄ የባሌ ዘይት አይደለም" አለች።

"አይደለም።"

"የሱ የት ሄደ?"

"አለቀ እማማ። ሽማግሌው ጠጣው። ክረምቱ ሳይገባ ነው ያለቀው።"

ብርጭቆዎቹን የመኪናው ጫፍ ላይ አስቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት ኮፈኑ ሲንቋቋ ሰምቶ እንደ ነቃ፣ ኩባያዋን ይዛ እንዳያት፣ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠው እንደ ወደደ ነገራት። "ልወጣ ስል ልጅዎ እጄን ያዘችኝ። ተዋት፣ ከአልጋዋ የተነሳችው ለዚህ ነው አለችኝ። ጀሪካኑ ሲቀል እኔ የገዛሁትን እጨምርበታለሁ።"

"ሲቀጥንብኝ ሙቀቱ ነው ብዬ" አለች። ቀጥላም፣ "እኔ ባልመጣስ ኖሮ?" አለችው።

ከሾፌሩ ወንበር ኋላ አንድ ብርድ ልብስ ገለጠላት። ያልተከፈቱ የዘይት ዕቃዎች ተደርድረዋል።

ተናደደች። መጫወቻ እንደሚሰጡት በሽተኛ አድርገው ሲያኖሯት ከርመዋል፤ እሷ ደግሞ ቤቱን ደግፌ ይዣለሁ ብላ ነበር። "እንደ ሕፃን አታለላችሁኝ" አለች።

"እርስዎስ እኔን?"

ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ የሚብስ ነገር ነበር። ባሏ ከጋራዡ የወጣው ክረምቱ ሳይገባ ኖሯል፤ እሷ ስታዋራው የከረመችው እሱ ሳይኖር ነው። አሁን ሁለተኛ የሞተባት ያህል አመማት።

"ያን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ማንን ነበር የማዋራው?" አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ልጁ መሬት መሬት አየ። "የመኝታ ቤታችን መስኮት በዚያ በኩል ነው" አለ። "ማርሽ ሲቀይር ይቸኩላል ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ቆም እያልኩ ነው የምቀይረው። ልብ አላሉም?"

ልብ ብላለች። እንዲያውም አንድ ማለዳ፣ ነገርክልኝ መሰለኝ ብላ ባሏን አመስግናው ነበር።

ብርጭቆዋን አነሳች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ጠጣችው። ከዚያ ቀሪውን ዘይት አፍስሳ ለካች፤ ኮፈኑን እሱ ዘጋው። መንገዳቸውን ቀጠሉ። የተራራውን ጫፍ ዞረው ቁልቁለቱ ፊታቸው ሲዘረጋ፣ ወንበሮቹ ከኋላ ገመዳቸውን ሲገፉ ተሰማቸው።

"በፍሬን አትያዘው፤ ይግልብሃል" አለችው ፊቷን ወደ እሱ መልሳ። "በማርሽ ያዘው።"

"እሺ እማማ" አለና ማርሹን ቀነሰ።